ወለምታው ድኖ ወገቤ ለምን እምቢ አለ? አኩፓንክቸርስ ይረዳኛል?

ጥያቄ፦ 46 ዓመቴ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ከባድ ሳጥን ላነሳ ጎንበስ ስል ወገቤን ቀጭ አደረገኝ። ከዚያ ወዲህ ሙሉ በሙሉ ለቆኝ አያውቅም። ኤምአርአይ ተነሥቼ «ሁለት ዲስኮች፣ ማለትም በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያሉት ትራሶች፣ ትንሽ ወጣ ብለዋል፣ ለቀዶ ጥገና ግን አያደርስም» ተባልኩ። ማስታገሻ ስውጥ ስውጥ ጨጓራዬ ተጎዳ። የሚገርመኝ፣ በዚያው ዓመት እግሬ ወለም ብሎኝ ጫማ እስከማይገባልኝ አብጦ ነበር። እሱ በስድስት ሳምንት ድኗል። ወገቤ ለምን እምቢ አለ? አሁን አንዲት ባልደረባዬ አኩፓንክቸር፣ ቀጫጭን መርፌ ሰውነት ላይ የሚተከልበትን የቻይና ሕክምና፣ ሞክሪ ትለኛለች። ባለቤቴ ደግሞ «የሥነ ልቦና ጨዋታ ነው» ይላል። ማንን ልስማ?

ምላሽ፦ ባልደረባዎም ባለቤትዎም ግማሽ ግማሽ እውነት ይዘዋል። ወደ መርፌው ከመሄዳችን በፊት ግን ስለ ቁርጭምጭሚትዎ እናውራ። ሁለቱን ሕመሞች አብረው ማንሳትዎ ሥራዬን አቅልሎልኛል።

እግርዎ ወለም ያለበትን ቅጽበት ያስታውሱ። መጀመሪያ ስለት የመሰለ ውጋት ይመጣል። እግርዎን ሳያስቡት ይሰበስባሉ። አንድ ትንፋሽ ያህል ቆይቶ ሌላ ዓይነት ሕመም ይከተላል። ይኼኛው ይጠዘጥዛል፣ ያቅለሸልሻል፣ ቶሎ አይለቅም። ሁለቱን የሚያመጧቸው የተለያዩ ነርቮች ናቸው። የመጀመሪያው መልእክት የሚጓዘው ስስ ሽፋን ባላቸው የነርቭ ክሮች ላይ ነው። በሰከንድ ከ5 እስከ 30 ሜትር ይሮጣል። ሁለተኛው ሽፋን በሌላቸው፣ በጣም በቀጠኑ ክሮች ላይ ያዘግማል። ፍጥነቱ በሰከንድ 2 ሜትር አይሞላም። ከእግር እስከ አንጎል መንገዱ ረጅም ስለሆነ ልዩነቱ በደንብ ይታወቃል። የእግር ጣቱ ከጠረጴዛ ጋር የተጋጨበት ሰው ሁሉ ያቺን «አሁን መጣ!» ብሎ የሚጠብቅባትን ቅጽበት ያውቃታል።

ቀጥሎ እብጠቱ መጣ። የተጎዳው ቦታ የሚያመነጫቸው ኬሚካሎች የነርቭ ጫፎችን ያስቆጣሉ። በደህናው ጊዜ ምንም የማይመስልዎት እርምጃ ያን ሰሞን እንባ ያመጣ የነበረው ለዚህ ነው። ይህ መቆጣት ሥራ አለው። እንዲያነክሱ አደረገዎት። ክብደትዎን ወደ ደህናው እግር አዞሩ። ጅማቱ ፋታ አገኘ። እየጠገነ ሲሄድ ነርቮቹም ተረጋጉ። ሕመም የማይሰማቸው ሆነው የሚወለዱ ጥቂት ሰዎች አሉ። መታደል ይመስላል። ግን በተሰበረ አጥንት ይራመዳሉ፣ ምላሳቸውን ነክሰው ያቆስላሉ፣ መገጣጠሚያቸው ገና በልጅነት ይበላሻል። አጣዳፊ ሕመም የምንለው እንግዲህ ይኼ የወለምታዎ ዓይነቱ ነው። ድንገት ይመጣል፣ ምክንያቱ ይታወቃል፣ ቁስሉ ሲድን ተሰናብቶ ይሄዳል።

ወገብዎም የጀመረው እንዲሁ ነበር። የተቆጣ ጡንቻ፣ የተወጠረ ጅማት፣ ምናልባት የተነካ ዲስክ። እነዚህ ሁሉ በሳምንታት፣ ቢበዛ በወራት የሚጠግኑ ናቸው። ሁለት ዓመት አይፈጅባቸውም። እኛ ባለሙያዎች መስመሩን ያሰመርነው ሦስት ወር ላይ ነው። ከሦስት ወር በላይ የቆየ ወይም እየሄደ የሚመለስ ሕመም ሥር የሰደደ ይባላል። በፈረንጆቹ 2022 ሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ዝርዝር ይህን ሕመም ራሱን የቻለ ቦታ ሰጥቶታል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው። ነገሩ ትንሽ የቢሮ ጉዳይ ይመስላል። ለታማሚው ግን ትልቅ ነው። የሌላ በሽታ ምልክት ሆኖ ይቆጠር የነበረው ነገር ራሱ በሽታ ተብሎ ሊመዘገብ ቻለ ማለት ነውና።

እዚህ ላይ አማርኛችን ቀድሞ የገባው ይመስለኛል። «አመመኝ» ስንል በሽታውንም ስሜቱንም በአንድ ቃል ነው የምንናገረው። ብዙ ጊዜ ይህ ያደናግረኛል። ታማሚው «አሞኛል» ሲለኝ የቱን ማለቱ እንደሆነ እንደገና መጠየቅ አለብኝ። ሥር የሰደደ ሕመም ላይ ሲደርስ ግን ቃሉ ልክ ነው። ስሜቱና በሽታው አንድ ሆነዋል።

እንዴት ነው ሕመም ቁስሉ ከዳነ በኋላ የሚቀረው? ይህን ለመረዳት አንድ የለመድነውን ሐሳብ መተው ያስፈልጋል። ሕመም የጉዳት መለኪያ ነው ብለን እናስባለን። ብዙ ጉዳት ብዙ ሕመም፣ ትንሽ ጉዳት ትንሽ ሕመም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጣሊያን ግንባር የነበረው አሜሪካዊው ሐኪም ሄንሪ ቢቸር ይህን አይቶ ግራ ገባው። ክፉኛ የቆሰሉ ወታደሮችን «ለሕመሙ መድኃኒት ትፈልጋላችሁ?» ብሎ ሲጠይቅ ከአራቱ ሦስቱ ያህል አንፈልግም አሉት። አጥንታቸው ተሰብሯል፣ ሆዳቸው ተበስቷል። ቢቸር ነገሩን ሲያሰላስል አንድ ነገር ታየው። ለወታደሩ ያ ቁስል ከጦር ሜዳ መውጫ፣ የመትረፍ ምልክት ነበር። ሰላማዊ ሰው ያንኑ ቁስል ቢያገኘው ኑሮው ሁሉ ይናጋል። የቆሰለው አካል ያው ሆኖ ትርጉሙ ሲለይ ሕመሙም ይለያል።

በ1965 ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የነገሩን አንድ ክፍል አስረዱ። ከአካል የሚነሣው መልእክት አንጎል ሳይደርስ ሕብለ ሰረሰር (በአከርካሪ ውስጥ የሚያልፈው የነርቭ ገመድ) ውስጥ እንደ በር ያለ ነገር ያገኘዋል አሉ። በሩ ሊከፈትም ሊገጠምም ይችላል። ክርናችን ሲመታ ወዲያው የምናሸው ለምን ይመስልዎታል? የማሸቱ ስሜት በሌሎች ወፍራም ነርቮች ሄዶ በሩን ገርበብ ያደርገዋል። ከላይ አንጎልም በሩን ያዛል። ሥጋት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ «ዲስክሽ ወጥቷል» የሚል ቃል ወለል አድርገው ይከፍቱታል። የዝርዝሩ አንዳንዱ በኋላ ተስተካክሏል። ዋናው ሐሳብ ግን እስከ ዛሬ ቆሟል።

በሩ ለረጅም ጊዜ ሲከፈት ደግሞ ሌላ ነገር ይከተላል። ክሊፎርድ ዉልፍ በ1983 በአይጦች ላይ እንዳሳየው፣ ተደጋጋሚ የሕመም መልእክት የሚቀበሉ የሕብለ ሰረሰር ሕዋሳት ራሳቸው ይለወጣሉ። ትንሹን ነገር እንደ ትልቅ ይቀበሉታል። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» የሚባለው በነርቭም ላይ ይደርሳል። ያኔ መቀመጥ ያማል። ጎንበስ ማለት ያማል። አንዳንዱን ሰው የልብሱ መነካካት እንኳ ያቃጥለዋል። ሕመሙ ውሸት አይደለም፣ ፈጠራም አይደለም። ልጡን እንደ እባብ የሚያየው የነርቭ ሥርዓት እንጂ ታማሚዋ አይደለችም። ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበር በ2020 ትርጓሜውን ሲያሻሽል፣ ሕመም ከአካል ጉዳት ጋር የተያያዘ «ወይም ያንን የሚመስል» ደስ የማይል ገጠመኝ ነው ብሎ የጻፈው ለዚህ ነው። በዚያ «ወይም» ውስጥ የእርስዎ ዓይነት ሰው ቦታ አገኘ።

ስለ ኤምአርአይዎ አንድ ነገር ልበል። በ2015 የወጣ ከ3,000 በላይ ሰዎችን ያካተተ የጥናቶች ግምገማ አለ። ሰዎቹ ምንም የወገብ ሕመም የሌላቸው ናቸው። በ20 ዓመታቸው 30 በመቶዎቹ ወጣ ያለ ዲስክ ነበራቸው። በ40 ዓመት ግማሾቹ፣ በ50 ዓመት 60 በመቶው፣ በ80 ዓመት 84 በመቶው። በእርስዎ ዕድሜ ካሉ፣ ምንም ከማያማቸው ሰዎች መካከል ከሁለት አንዱ እንደ እርስዎ ያለ ወረቀት ይዞ ሊወጣ ይችላል ማለት ነው። እኔ ቢፈቀድልኝ ይህን ቁጥር በእያንዳንዱ የወገብ ኤምአርአይ ውጤት ግርጌ አሳትመው ነበር። ዲስክዎ ምንም አስተዋጽኦ የለውም እያልኩ አይደለም። የሕመምዎን ሁለት ዓመት ግን ብቻውን አያስረዳም።

አሁን ወደ መርፌው።

በኛ አነጋገር «መርፌ» ሲባል መድኃኒት የሚወጋ ይመስለናል። የአኩፓንክቸር መርፌ መድኃኒት የለውም። ቀዳዳም የለውም። አብዛኛውን ጊዜ ውፍረቱ ከ0.2 እስከ 0.3 ሚሊ ሜትር የሆነ ድፍን ሽቦ ነው። ጥቂቱ ወገብ ላይ፣ ጥቂቱ እግርና እጅ ላይ ይተከላል። 20 ወይም 30 ደቂቃ ተኝተው ይቆያሉ። ሲገባ ብዙም አያምም። ከገባ በኋላ ግን ከበድ የሚል፣ የሚያደነዝዝ ስሜት ይመጣል። ቻይናዎቹ ይህን ስሜት «ደ ቺ» ይሉታል፤ ባለሙያው ሲጠይቅዎት እንዳይደነግጡ።

ሕክምናው ቻይና ውስጥ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ባህላዊው ማብራሪያ «ቺ» የተባለ ኃይል በሰውነት መስመሮች ይፈስሳል፣ ሲታገድ ያማል የሚል ነው። እነዚህን መስመሮች ሬሳ ከፍቶ ያያቸው የለም። በሌላው ዓለም ዝናው የገነነው በ1971 ነው። ጄምስ ሬስተን የተባለ የኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጠኛ ቤጂንግ ሳለ ትርፍ አንጀቱ ታሞ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ሰው ሲያወራው «በመርፌ ብቻ አደንዝዘው ቀደዱት» ይባላል። ልክ አይደለም። የደነዘዘው በተለመደው የማደንዘዣ መድኃኒት ነበር። መርፌው የተተከለለት ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሆዱን ሲነፋውና ሲያስጨንቀው ነው፤ ቀለል እንዳለው ራሱ ጽፏል። ይህን የማነሣው ወሬ እንዴት እንደሚያብጥ እንዲያዩ ነው። አኩፓንክቸር ላይ የሚሰሙትን ሁሉ በዚህ ዓይን ይስሙት።

ታዲያ መርፌው ሰውነት ውስጥ ምን ያደርጋል? አንዳንዱ ይታወቃል። በ1970ዎቹ ተመራማሪዎች ናሎክሶን የሚባል፣ ሞርፊን የተባለውን ኃይለኛ ማስታገሻ ሥራ የሚያከሽፍ መድኃኒት ሰጥተው የመርፌው ማስታገስ ሲቀንስ አዩ። ሰውነት የራሱን ሞርፊን መሰል ነገር፣ ኢንዶርፊንን፣ ይለቃል ማለት ነው። በ2010 ደግሞ በአይጦች ላይ በተሠራ ጥናት መርፌው በተሽከረከረበት ቦታ አዴኖሲን የሚባል ኬሚካል በዝቶ ተገኘ። ይህ ኬሚካል በአካባቢው ያሉትን የሕመም ነርቮች ዝም ያሰኛል። ሁለቱም የሚያስረዱት ግን የሰዓታትን እፎይታ ነው። ለወራት የሚቆየውን ለማስረዳት ወደዚያ በር መመለስ አለብን። ሰላማዊ የሆነ መነካካት፣ ጸጥ ያለ ክፍል፣ የሚያዳምጥ ባለሙያ፣ «ይሻለኛል» የሚል ተስፋ፤ ሁሉም በሩን ወደ መገጠም ይገፋሉ።

ባለቤትዎ እዚህ ላይ «አላልኩም?» ይላሉ። ቁጥሩን ልስጥዎትና አብራችሁ እዩት። በጀርመን አገር የተሠራና በ2007 የታተመ ጥናት 1,162 ሥር የሰደደ የወገብ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች በሦስት ከፈለ። አንዱ ቡድን እንደ ባህሉ ሕግ መርፌ ተተከለለት። ሁለተኛው «የማስመሰያ» መርፌ አገኘ። በባህሉ የመርፌ ነጥብ ያልሆነ ቦታ ላይ፣ ላይ ላዩን ብቻ። ሦስተኛው የተለመደውን ሕክምና፣ ማለትም ማስታገሻ፣ ፊዚዮቴራፒና እንቅስቃሴ። ከስድስት ወር በኋላ የተሻላቸው ከመጀመሪያው 47.6 በመቶ፣ ከሁለተኛው 44.2 በመቶ፣ ከሦስተኛው 27.4 በመቶ ሆኑ።

ባለቤትዎ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቁጥሮች ያሳዩዎታል። «ይኸው፣ የትም ቢወጋ ያው ነው!» ባልደረባዎ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ታሳያለች። «ይኸው፣ ከተለመደው ሕክምና በልጧል!» ሁለቱም ትክክል ናቸው። እኔ ሥራ ስጀምር የመርፌው ቦታ ነው ወሳኙ ብዬ አምን ነበር። ይህን ጥናት ካነበብኩ በኋላ መከራከሩን ተውኩ። ከ39 ጥናቶች የ20,827 ታማሚዎችን መረጃ አሰባስቦ በ2018 የወጣው ትልቁ ትንተናም የሚያሳየው ተመሳሳይ ነገር ነው። እውነተኛው መርፌ ማስመሰያውን በጥቂቱ ይበልጣል። ምንም መርፌ ካለማግኘት ጋር ሲተያይ ልዩነቱ ሰፊ ነው። ከተገኘውም ጥቅም አብዛኛው ከዓመት በኋላ አልጠፋም። ትንተናው የወገብና የአንገት ሕመምን፣ የጉልበት መገጣጠሚያ መበላትን፣ የትከሻ ሕመምንና ሥር የሰደደ ራስ ምታትን ነው ያየው። ለሌላ በሽታ ሁሉ «ያድናል» የሚልዎት ሰው ካለ ይህ ማስረጃ የለውም።

መመሪያ አውጪዎችም አልተስማሙም። የአሜሪካ ሐኪሞች ኮሌጅ የተባለው የሙያ ማኅበር በ2017 ለወገብ ሕመም ከመድኃኒት በፊት ከሚሞከሩት ነገሮች መካከል አኩፓንክቸርን ጨመረ። የእንግሊዙ የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ በ2016 ለወገብ ሕመም አትስጡ አለ። ያው ናይስ በ2021 ደግሞ ሌላ በሽታ ለማይገኝለት ሥር የሰደደ ሕመም አንድ ዙር ሊሞከር ይችላል ብሎ ጻፈ። አንድ ሰው በሁለት መመሪያ ሁለት መልስ ሊያገኝ ነው! ልዩነቱ የመጣው በአብዛኛው ከአንድ ጥያቄ ነው። መርፌውን የምናወዳድረው ከማስመሰያው ጋር ነው ወይስ ካለመታከም ጋር?

የእኔ ምክር ይሞክሩት የሚል ነው። ግን በቅድመ ሁኔታ።

መርፌው የነርቭ ሥርዓትዎን ለጥቂት ሰዓት ወይም ለጥቂት ቀን ያረጋጋዋል እንበል። በዚያ ፋታ ምን ይሠሩበታል? ተኝተው ካሳለፉት ፋታው አለፈ። ጎንበስ ቀና ካሉበት፣ ከተራመዱበት፣ ያን የፈሩትን ሳጥን በትንሹ ጀምረው ካነሱበት ግን ወገብዎ «ይሄ እባብ አይደለም፣ ልጥ ነው» የሚለውን በተግባር ይማራል። ሥር በሰደደ የወገብ ሕመም ላይ እንቅስቃሴ ከመርፌው የጠነከረ ድጋፍ አለው። ስለዚህ ከአኩፓንክቸሩ ጎን ለጎን አንድ ፊዚዮቴራፒስት ይያዙ። ሁለቱን ለመክፈል አቅም ከሌለዎት ደግሞ ያለ ማመንታት ፊዚዮቴራፒውን ይምረጡ።

ከመጀመሪያው ቀጠሮ በፊት ሁለት ነገር ይጻፉ። ሳይነሡ ስንት ደቂቃ መቀመጥ ይችላሉ? ሌሊት ስንት ጊዜ ሕመሙ ይቀሰቅስዎታል? «ከአሥር ስንት ያምሻል?» የሚለውን ብቻ አይከተሉ፤ በሩ እንደተከፈተበት ቀን ይዋዥቃል። በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ እየሄዱ ስድስተኛው ቀጠሮ ላይ ያወዳድሩ። ሁለቱም ቁጥሮች ካልተነቃነቁ ያቁሙ። የአሜሪካው የመንግሥት የጤና መድን ሜዲኬር ከ2020 ጀምሮ ለሥር ሰደድ የወገብ ሕመም በ90 ቀን እስከ 12 ጊዜ ይከፍላል። ለውጥ ካለ 8 ይጨምራል፣ ለውጥ ከሌለ ያቋርጣል። እኔ ከነሱ ትንሽ ቆጣቢ ነኝ። «ገና ነው፣ ሠላሳ ጊዜ ያስፈልግሻል» የሚል ባለሙያ ካጋጠመዎት ቦርሳዎን ይዘው ይውጡ።

ስለ ደኅንነቱ ብዙ አያስጨንቅም። በ2001 እንግሊዝ ውስጥ የታተመ ጥናት ከ34,000 በላይ ሕክምናዎችን ተከታትሎ አንድም ከባድ ጉዳት አላገኘም። የሚበዛው መጠነኛ መበለዝ፣ ድካም፣ ራስ ማዞር ነው። ብርቅ ቢሆንም የሚያስፈራው ደረትና ትከሻ አካባቢ በጥልቀት የተተከለ መርፌ ሳንባ ሲነካ ነው። ከሕክምናው በኋላ ትንፋሽ ካጠረዎት ወይም ደረትዎን ከወጋዎት በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ባለሙያው ፈቃድ ያለው መሆኑን፣ መርፌውም ከታሸገበት ፊትዎ ተከፍቶ አንዴ ብቻ የሚያገለግል መሆኑን ያረጋግጡ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ከወሰዱ፣ ነፍሰ ጡር ከሆኑ፣ የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ ካለዎት አስቀድመው ይንገሩ። መሣሪያው ካለዎት በመርፌው ላይ ኤሌክትሪክ የሚለቀቅበት ዓይነት አይደረግልዎትም።

ወለምታዎ ትናንት ቢሆን ኖሮ መርፌ አልመክርዎትም ነበር። አጣዳፊ ሕመም መጀመሪያ ምክንያቱ መታወቅ አለበት። አጥንት ተሰብሮ እንደሆነ ማየት ይቀድማል። ከዚያ ጊዜ ራሱ ሐኪም ነው።

ወገብዎ ላይም ከዚህ በኋላ አዲስ ነገር ቢመጣ መርፌም እንቅስቃሴም ይቁም። ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተዎት፣ ብልት አካባቢና ጭን መሐል ከደነዘዘ፣ እግር እየሰነፈ ከሄደ፣ የዚያኑ ቀን ሆስፒታል ይሂዱ። ትኩሳት፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ከዚህ በፊት የነበረ ካንሰር ካለም ጉዳዩ እንደገና ከሥሩ መታየት አለበት።

ጨጓራዎን አልረሳሁትም። እንደ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉ ማስታገሻዎች የጨጓራን መከላከያ ሽፋን ያሳሳሉ። ለወራት መውሰድ ደግሞ ከመድማት ያደርሳል። የሚውጡት ከነዚህ አንዱ ከሆነ ለመርፌው ቀጠሮ ከመያዝዎ በፊት የሚቀይርልዎትን ሐኪም ያግኙ። ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ደግሞ ቀጠሮ አይጠብቁ፣ ዛሬውኑ ይሂዱ።